ከጎንደር የሚመጡ ሦስት ፊደሎች

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኛል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ነገሩ ስለ ጨዋታ ነው፤ ያውም በስልክ ስለሚጫወቱት የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ። ሰው በበረሃና በጦርነት የደረሰበትን ሲጽፍ፣ እኔ ሦስት ፊደል ይዤ ቃል ስፈልግ ስለዋልኩባቸው ቀኖች ላወራ መነሣቴ ያሳፍረኛል። ታሪኩ የእኔ ብቻም አይደለም። ግን ባለታሪኩ ራሳቸው፣ “ጻፊው፤ ስሕተት ካለው አርምልሻለሁ” ስላሉኝ ጻፍኩት። ዋጋ ያለው መሆን አለመሆኑን እናንተ ፍረዱ።

ያኔ የነርስነት ትምህርት አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬም እዚያው እማራለሁ። ከእናቴ ጋር ኢየሩሳሌም፣ ቃታሞኒም በሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። ከጎንደር የመጣሁት ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ ዕብራይስጡን በቶሎ ያዝኩት፤ እንግሊዝኛው ግን እንደ ግንብ ፊቴ ቆመ። እሱን ካላለፍኩ ሁለተኛ ዓመት አልገባም። ይህን ስነግራት እናቴ፣ በምታጸዳበት መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ በኢትዮጵያ መንገድ፣ አንድ የጎንደር መምህር እንዳሉ አስታወሰች።

ጋሼ ደምሴ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ለፋሲካ ሊሳለሙ መጡና በዚያው ቀሩ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸው ይኖራሉ። እናቴ እንድማር ስትፈቅድ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፤ የግቢውን በር እንዳላልፍ። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ አጎቶቼ ወደ እስራኤል ለመግባት ገና ጎንደር ወረፋ እየጠበቁ ነው። የእነ እገሌ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አየኋት የሚል አንድ ሰው ከተነሣ ፋይላቸው ይበላሻል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ የምንማረው ከበሩ ውጭ፣ የድንጋዩ አጥር ሥር ነበር። ጋሼ ደምሴ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ይወጣሉ፤ መነኮሳቱ ሰላም እያሉን ያልፋሉ። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዳብራራው ስለሚያስገድዱኝ፣ የጠፋብኝ አማርኛም አብሮ ተመለሰ።

ትምህርቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ጨዋታቸውን ሲጨርሱ ነው። እህታቸው ወይዘሮ ስንዱ ጎንደር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ። ወንድምና እህቱ አባታቸው ያስተማሯቸውን ጨዋታ እስከ እርጅና አልተዉትም። አንዱ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይልካል፤ ሌላው ሦስቱም የሚገኙበትን ቃል ፈልጎ ይመልሳል፤ ረጅም ቃል የበለጠ ያስከብራል፤ የመለሰው ደግሞ በተራው ሦስት ፊደል ይልካል። ድሮ በደብዳቤ ነበር፤ አሁን በስልክ ሆነ። “እታለም ሳትመልስ የዋለችበት ቀን የለም፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዛ እንኳ ትመልሳለች” እያሉ ይስቃሉ። እታለም የሚሏቸው እህታቸውን ነው።

በዐቢይ ጾም ጋሼ ደምሴ ልባቸውን ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዕብራይስጥ ስለማይችሉ ከትምህርት ውጭ ያለውን ጊዜዬን ሁሉ አልጋቸው አጠገብ እያስተረጎምኩ አሳለፍኩ። ሐኪሙ ከባዱን ነገር የነገረው ለእኔ ነበር፤ ልባቸው ገና ስላልጸና፣ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይደርስባቸው ቤተሰቡ ይጠንቀቅ አለ። ቤተሰብ ያለው እኔን ነው። ነርሶቹ እርጎና አይብ ባመጡ ቁጥርም ጾም ላይ መሆናቸውን የማስረዳው እኔው ነበርኩ። የግቢው ካህን አባ ራሳቸው መጥተው ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ቢሏቸው እንኳ፣ “አይ፣ እስከ ዛሬ ጾሜው” ብለው ሳህኑን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢውን የሚያስተዳድሩት እናት፣ እማሆይ፣ ደወሉልኝና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ነይ አሉኝ። በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሁለቱን የፕላስቲክ ወንበሮች አውጥተዋል።

“ተቀመጪ ልጄ።”

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። “ጋሼ ናቸው?”

“እሱስ ደኅና ነው። እታለም ናት። ዛሬ ጠዋት ዐረፈች።”

ወይዘሮ ስንዱ ድንገት ነው የሄዱት፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው አረፍ እንዳሉ። እማሆይ የተነጋገሩትን ነገሩኝ። ጋሼ ደምሴ ድነው ወደ ክፍላቸው እስኪመለሱ መርዶው አይነገርም። ሲነገርም እንደ ወጉ፣ በማለዳ፣ ሰው ከቧቸው ይሆናል። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ አያቴ ጎንደር ሲሞቱ ለእናቴ የነገሯት ዘመዶቿ ሁሉ እስኪሰበሰቡ ጠብቀው ነው። ችግሩ ስልኩ ነበር። ነገ ጠዋት ጋሼ ደምሴ ሦስት ፊደል ይልካሉ። መልስ ካልመጣ ያውቃሉ።

የወይዘሮ ስንዱን ስልክ የያዘችው ልጃቸው ሰናይት ናት። እማሆይ ደውለው አገናኙን። ከጀርባዋ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል።

“ማስተዋል፣ ሰላምታውን እኔ እጽፋለሁ፤ እማዬ እንዴት እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ቃሉን ግን አልችልም። የእኔ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ነው፤ አሁን ደግሞ ዓይኔም አያይ። አንቺ የእሱ ተማሪ ነሽ።”

ማንንም እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። እሺ አልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። በእንግሊዝኛ የወደቀች ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት ሲጫወቱ የኖሩ እናት ሆና፣ ሕይወቷን ሙሉ እንግሊዝኛ ካስተማረ ሰው ጋር ልትጫወት ነው። ከተሳሳትኩ የሚቆመው ልባቸው ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ “ብቻውን፣ አልጋ ላይ፣ በስልክ አይስማው” አለች።

በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ፊደሎቹን ሲጽፉ አየሁ። ኤስ፣ ፒ፣ ኤች። ጥቂት ቆይቶ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ተንቀጠቀጠ፤ ሰናይት አስተላለፈችልኝ። ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ዙሪያዬን ስቃኝ ግድግዳው ላይ በሦስት ቋንቋ የተጻፈው ፊት ለፊቴ ነበር፤ ሆስፒታል። ላክሁላት። የእኔን ሦስት ፊደል ጨምሬ።

ስመለስ ጋሼ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ይስቁ ነበር። “አየሻት? የት እንደተኛሁ ልታስታውሰኝ!” አሉ። ከዚያም፣ “በይ እስቲ አግዢኝ፤ ደብሊው፣ ኤን፣ ዲ ብላ ሰጥታኛለች” አሉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ራሴ የሰጠሁትን ፊደል ራሴ እንድፈታ ተጠየቅሁ። አላውቅም አልኩ። እሳቸው መስኮቱን ዐይተው “ዊንዶው” ብለው ጻፉ። እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እኔ ፊቴን ወደ ውኃው ማንቆርቆሪያ አዞርኩ።

ቀኖቹ እንዲህ ቀጠሉ። አንድ ጊዜ ጄ፣ ኤን፣ ዲ የሚሉ ፊደሎች መጡና ጨለመብኝ። ኮሪደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል በዚያው ሳምንት ስለ አራስ ሕፃናት የተማርነው ትዝ አለኝ፤ ሰውነታቸው ቢጫ ሲሆን የሚባለው፣ ጆንዲስ። ጋሼ ደምሴ ሲያነቡት፣ “አዋላጅነቷ አይለቃትም እኮ!” ብለው ለነርሷ ሳይቀር በአማርኛ አወሩላት። ነርሷ ምንም ሳይገባት አብራ ሳቀች። በዚያ ቀን ጎበዝ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የሞቱ ሰው ስም ይዤ መመስገኔ ደግሞ አሳፈረኝ።

ሊደውሉም ፈለጉ። ሰናይት፣ ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል ብላ ጻፈች። “ማርና ዝንጅብል ጠጪ በሏት” አሉ። ይህንንም አስተላለፍኩ።

ቃል ማግኘት እያቃተኝ ሲሄድ ኢንተርኔት ላይ ፊደል ስትሰጡት የሚገኝባቸውን ቃላት ሁሉ የሚዘረዝር ገጽ አገኘሁ። ይብስ አስጨነቀኝ። ለሦስት ፊደል መቶ ቃል ይደረድራል፤ ዘጠና አምስቱን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እሳቸው የማያውቁትን ቃል ብልክ ይጠረጥራሉ፤ አጭር ብልክ ደግሞ እህታቸው ደከመች ብለው ይጨነቃሉ። ስለዚህ እየመረጥኩ፣ በመዝገበ ቃላት እያየሁ፣ የጎንደር እናት ታውቀዋለች ወይ ብዬ እየጠየቅሁ ነበር የምልከው። ክፍል ውስጥ መምህሯ ስሜን ስትጠራ እንኳ የማልሰማ ሆንኩ።

አንድ ጠዋት ከቃታሞኒም ወደ ሆስፒታል ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ፊደሎቹ ደረሱኝ። ኤም፣ ኤል፣ ኬ። ገጹን ከፈትኩ። ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ ረጅሙ አናት ላይ ነበር፤ በተርሚልክ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግሁት፤ ቅቤው ወጥቶ የሚቀረው፣ የእኛ አሬራ ነው። ደስ አለኝ። ከዚህ የበለጠ ጎንደሬ ቃል ከየት ይመጣል? ከሥሩ ኪሎሜትር የሚል ነበር፤ በአንድ ፊደል ስለሚያንስ አለፍኩት። ለሰናይት ላክሁላት፤ እሷም ቃሉን ሳታየው ሰላምታ ጨምራ ላከችው።

የተኙበት ማሕላቃ፣ የሕሙማኑ ክፍል፣ ስደርስ ጋሼ ደምሴ ስልኩን ደረታቸው ላይ አስቀምጠዋል። መነጽራቸውን አውልቀዋል። የቁርሱ ሳህን እንደ ሁልጊዜው በአንድ ጣት ተገፍቶ፣ እርጎው ሳይከፈት ጠርዙ ላይ ነበር።

“ማስቴ፣ ይቺን አንብቢልኝ።”

አነበብኩላቸው።

“ምን ማለት ነው?”

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩኝ ሰው ለምን ይጠይቁኛል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን መልሱን በማወቄ ኮራሁ። “አሬራ ነው፣ ጋሼ።”

“አሬራ” አሉ። ሌላ ጊዜ የሚስቁበት ቦታ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ ብለው መጋረጃውን አስዘጉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አመማቸው ብዬ ነርስ ጠራሁ። የልብ ምታቸውን ለክታ ደኅና ናቸው፣ ይተኙ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የመሣሪያውን መስመር እያየሁ ተቀመጥኩ። መስመሩ ባነሰ ቁጥር የእኔ ልብ አብሮ ይቆማል። ሲመሽ ወደ ቤት ልሄድ ስነሣ ዞር ሳይሉ፣ “ዛሬ ምሳ በልተሻል?” አሉኝ። አልበላሁም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚልኳቸው ፊደሎች ቀለሉ። ሲ፣ ኤ፣ ቲ። ዲ፣ ኦ፣ ጂ። ማንም ሕፃን የሚያውቃቸው ድመትና ውሻ። መድኃኒቱ አደከማቸው ብዬ ተጨነቅሁ፤ ለሐኪሙም ነገርኩት። ስለ እህታቸው ማውራትም ተዉ። የሚጠይቁኝ ስለ ፈተናዬ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ እናቴ ሆነ። ስልኩ ሲጮህ እንኳ ቶሎ አያነሡትም።

በመጨረሻ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን እማሆይ ደወሉልኝ፤ ነገ በማለዳ ነው አሉኝ። እናቴ ስልኩን ሰምታ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

“እማ፣ በሩን ማለፍ አለብሽ እኮ።”

“አውቃለሁ። ዛሬ ያየ ይይ።”

ኢትዮጵያ መንገድ ገና ጭር ያለ ነበር። አባ፣ እማሆይ፣ ጥቂት መነኮሳትና የአገር ሰዎች ተሰብስበው ድምፅ ሳያሰሙ ቆመዋል። እናቴ የበሩን ጣራ ቀና ብላ ዐየችና እጄን ይዛኝ ገባች። ጉልላቱን እያየሁ ሄድኩ እንጂ እግሬ የት እንደሚረግጥ አላወቅሁም። እነዚያን ቀኖች ሁሉ ልጠብቀው የደከምኩበትን ልብ አሁን ሄደን ልንመታው ነው።

አባ በሩን ቀስ ብለው ቆረቆሩ።

“ግቡ” አሉ ጋሼ ደምሴ ከውስጥ። “ስጠብቃችሁ ነበር።”

አልጋቸው ተነጥፏል። እሳቸው ጠርዙ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ለብሰዋል። ሐዘንተኛ ነው እንዲያ የሚለብሰው። ማንም ምንም ሳይነግራቸው ለብሰው ጠበቁን።

አባ ነጠላውን ዐዩት። ከዚያ እንደ ወጉ ተናገሩ፤ ጋሼ ደምሴም ያን ጊዜ እንደሰማ ሰው፣ “እታለም! እታለሜ!” ብለው አለቀሱ። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ትከሻቸውን ያዘች። እኔ በሩ ሥር ቆሜ የልባቸውን ምት ከሩቅ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ልባቸው ግን ቻለ።

ፀሐዩ ሲበረታና ሰዉ ሲቀልል ጠሩኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ሳልጠይቃቸው እሳቸው ጀመሩት።

“እታለም በጾም ቅቤና ሥጋ ያለበት ቃል ተጫውታ አታውቅም። እኔም። አባታችን ነው ያስለመደን፤ ጾም ለምላስም ነው ይል ነበር። በየጾሙ አንድ ቀን እነዚያን ሦስት ፊደሎች እልክላታለሁ፣ ልፈትናት። እሷም ‘ኪሎሜትር’ ብላ መልሳ ትስቅብኛለች። ዘንድሮም እንደዚያው ብዬ ላክሁ።”

ወተት አፋቸው እንደማይገባ ለነርሶቹ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ሳህኑን ሲገፉ በየቀኑ አይቻለሁ።

“አሬራው ሲመጣ፣ የጻፈው ሌላ ሰው መሆኑን አወቅሁ። ስልኳን ሌላ ሰው ከያዘው ደግሞ እታለም የለችም ማለት ነው። ከዚያ አንቺ ገባሽ፤ ፊትሽ ምንም አይደብቅም። ጆንዲስም የማን እንደሆነ ገባኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ ጋሼ?”

“ምን ልበልሽ? በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ ስትይ በበሩ መስታወት አይሻለሁ። ለእኔ ብለሽ ከስተሻል። አውቄያለሁ ብልሽ፣ መርዶውን ያፈሰስሽው አንቺ ልትሆኚ ነው፤ ይሄንን ዕድሜ ልክሽን ትሸከሚዋለሽ። ለዚህ ነው ፊደሉን ያቀለልኩልሽ።” ቀጥለውም፣ “ደግሞም፣ ቃል ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። የእሷ አለመሆኑን እያወቅሁም” አሉ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ማዘግየታችን ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም መልሱን አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው። እኔ እሳቸውን የምጠብቅ ሲመስለኝ፣ እሳቸው የተሰፋ ደረታቸውን ይዘው፣ ግድግዳ እያዩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ እያለቀሱ እኔን ይጠብቁ ነበር። ያኔ ሰውን ማስደሰት ማለት ከሁሉ ረጅሙን ቃል ፈልጎ ማምጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ለልምምድ ማሕላቃ ስገባ፣ ሕመምተኛው የሚጠይቀኝን ብቻ ሳይሆን በጣቱ ገፋ ያደረገውን ሳህንም አያለሁ። ዝም ሲልም ነርስ ከመጥራቴ በፊት አጠገቡ እቀመጣለሁ። እንግሊዝኛውንም አለፍኩ፤ ይህ ግን ከሁሉ ትንሹ ነገር ነው።

በዚያው የመርዶ ቀን፣ ከመሄዴ በፊት፣ ጋሼ ደምሴ ስልካቸውን አነሡ። ጽፈው ላኩ። ጥቂት ቆይቶ ኪሴ ተንቀጠቀጠ፤ ሰናይት ከጎንደር አስተላልፋልኛለች። ኤም፣ ኤል፣ ኬ።

ወደ ኮሪደር የምወጣበት ምክንያት አልነበረም። እፊታቸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩና ለሰናይት ላክሁላት፤ እሷም ከእናቷ ስልክ ላከችው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

“ኪሎሜትር” አሉ፤ ፈገግ አሉ፤ ስልኩንም አጠፉት። ወደዚያ ቁጥር ከዚያ በኋላ ፊደል አልተላከም። ቀኑ ሰኞ፣ መጋቢት 15 ነበር፤ ጾሙ ገና አልተፈታም።